ሳይጠየቁ አይፈረድም
የቤተሰብ ክርክርና የባለጉዳይ ፈቃድ



ውድ አንባብያን! ለዛሬው ጽሑፋችን መነሻ የሆነችው አንዲት በአራት የታጠፈች ወረቀት ናት። በአንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ከምናስተምርበት ትምህርት ቤት ስንወጣ የአንዲት ተማሪያችን እናት በሩ ላይ ቆመው ጠበቁን። ባለቤታቸው ወደ አኼራ ከሄዱ አምስት ወር ሆኗል። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ወረቀቷን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ሰጡን።

«ኡስታዝ፣ ይችን ያንብቡልኝ። ዒዳዬን ከጨረስኩ ወር እንኳ አልሞላኝም፤ የምን ወረቀት ነው የሚልኩብኝ?» አሉ።

ወረቀቷ መጥሪያ ነበረች። የሟች ወንድም «የወንድሜ ውርስ ይጣራልኝ፤ ድርሻዬም ይሰጠኝ» ሲሉ ለሸሪዓ ፍርድ ቤት ክስ አቅርበዋል። ሟች የተዉት ሁለት ሴት ልጆችንና ባልና ሚስት በትዳር ዘመናቸው የገዟትን አንዲት ቤት ነው። ወንድ ልጅ የላቸውም።

«እንግዲህ ባልሄድስ?» ሲሉ ጠየቁን። እኛም መድረሳ ቁጭ ብለን የቀራን፣ ዘመናዊውንም ትምህርት የተማርን ነንና ሳናመነታ መለስንላቸው። «እትዬ፣ አይጨነቁ። ሸሪዓ ፍርድ ቤት ያለ ፈቃድ አይዳኝም። ካልሄዱ አልፈቀዱም ማለት ነው» አልናቸው። እሳቸውም ዱዓ አድርገውልን ሄዱ።

ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደንም። የተናገርነውን ከየት እንዳገኘነው ራሳችንን ብንጠይቅ ከወሬ እንጂ ከንባብ አልነበረም። በማግሥቱ ነጋሪት ጋዜጣውን ፈልገን አዋጁን ስናነብ የመከርናቸው ምክር ፍጹም የተገላቢጦሽ ሆኖ አገኘነው። በቀጠሮው ቀን ቢቀሩ ኖሮ መቅረታቸው ራሱ እንደ ፈቃድ በተቆጠረባቸው ነበር!

ይህን ስሕተታችንን ሳንደብቅ የጻፍነው፣ እንደኛ በግማሽ ዕውቀት ሙሉ ምክር የሚሰጥ ሰው በየሰፈሩ ስላለ ነው።

ሕጉ ከየት መጣ?

የሸሪዓ ፍርድ ቤት በአገራችን ትናንት የተጀመረ አይደለም። መንግሥት በነጋሪት ጋዜጣ ዕውቅና ከሰጠባቸው ሕጎች አንዱ በ1936 ዓ.ም. የወጣውና የናኢባንና የቃዲን ምክር ቤቶች ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 62 ነው። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሲወጣ ስለ እነዚህ ፍርድ ቤቶች አንዳች አላነሣም። ይሁን እንጂ ቃዲዎቹ ከወንበራቸው አልተነሡም፤ ሕዝቡም ኒካሑን፣ ፍቺውንና ውርሱን ይዞ መሄዱን አልተወም። ለብዙ ዓመታት ሥራው በተግባር እየተሠራ፣ ሕጋዊ መሠረቱ ግን የሚያከራክር ሆኖ ቆየ።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ጉዳዩን በሁለት አንቀጾች አሰረው። አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 ስለ ግልና ስለ ቤተሰብ የሚነሡ ክርክሮች ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ ሊዳኙ እንደሚችሉ ደነገገ። አንቀጽ 78 ንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ የሃይማኖትና የባህል ፍርድ ቤቶች የሚቋቋሙበትንና ዕውቅና የሚያገኙበትን በር ከፈተ። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው አዋጅ ቁጥር 188 በ1992 ዓ.ም. ወጣ። በዚያው ዓመት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ታወጀ። ክልሎችም በየበኩላቸው የየራሳቸውን ሕግ አውጥተዋልና አዲስ አበባ ላይ የምንናገረው ነገር ለእያንዳንዱ ክልል በሙሉ ይሠራል ማለት እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልን።

አዋጁ ምን ይላል?

አዋጅ ቁጥር 188/1992 ሦስት ደረጃዎችን ዘርግቷል። እነርሱም የመጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛና ጠቅላይ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ናቸው። ሥልጣናቸው በጋብቻ፣ በፍቺ፣ በቀለብ፣ በሞግዚትነት፣ በወቅፍ፣ በስጦታ፣ በኑዛዜና በውርስ ላይ ነው። ቃዲው የሚፈርደው በእስልምና ሕግ ሲሆን ክርክሩ የሚመራው ግን በመደበኛው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ነው።

የሁሉ ቁልፍ የሆነው ፈቃድ ነው። አንቀጽ 4 ተከራካሪዎች ፈቃዳቸውን በግልጽ መስጠት እንዳለባቸው ይናገራል። አንቀጽ 5 ደግሞ ሦስት ነገሮችን ይጨምራል፤ አንባቢ በጥሞና ይከታተለን።

አንደኛ፦ ግልጽ ፈቃድ ከሌለ ጉዳዩ ሥልጣን ወዳለው መደበኛ ፍርድ ቤት ይተላለፋል።

ሁለተኛ፦ መጥሪያ በሚገባ ደርሶት ያልቀረበ ተከሳሽ እንደ ፈቀደ ይቆጠራል፤ ክርክሩም በሌለበት ይሰማል። እኛ የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛ፦ ፈቃድ ከተሰጠ በኋላ ጉዳዩን ከሸሪዓ ፍርድ ቤት ወደ መደበኛ፣ ከመደበኛም ወደ ሸሪዓ ማዞር አይቻልም። «ፍርዱ ካልጣመኝ ወደዚያኛው እሄዳለሁ» ብሎ ነገር የለም።

በእኛ አስተያየት ሁለተኛው ነጥብ ከሕገ መንግሥቱ መንፈስ ጋር በደንብ አይገጥምም። ማንበብ የማትችል፣ ከቤት ወጥታ የማታውቅ ሴት መጥሪያ ደርሷት ብትቀር መቅረቷ ከፍርሃት ወይም ካለማወቅ ሊሆን ይችላል። ይህን ዝምታ እንደ ፈቃድ መቁጠር የሚከብድ ነው። ነገር ግን ሕጉ ሕግ ሆኖ እስካለ ድረስ መጠንቀቅ የባለጉዳዩ ፋንታ ነው።

ሒሳቡ

ለመሆኑ ፍርድ ቤት መምረጥ ምን ለውጥ ያመጣል? የሴትየዋን ጉዳይ ይዘን እናስላው። ቤቲቱን በ48 እጅ እንከፋፍላት።

በሸሪዓ ቤቲቱ ሙሉ በሙሉ የሟች ናት ከተባለ ልጆች ያሏት ሚስት ስምንተኛ ታገኛለች፤ ይህም 6 እጅ ነው። ሁለቱ ሴት ልጆች ሁለት ሦስተኛውን፣ ማለትም 32 እጅ ይካፈላሉ። የቀረው 10 እጅ የሟች ወንድም ነው። ወንድ ልጅ ቢኖር ኖሮ ወንድሙ ምንም አይወርሱም ነበር።

በመደበኛው ፍርድ ቤት ግን በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ ሚስት አስቀድማ ግማሹን፣ 24 እጁን ትወስዳለች። የቀረው 24 ለሁለቱ ልጆች እኩል ይከፈላል፤ ለእያንዳንዳቸው 12 ይደርሳቸዋል። ልጅ ባለበት ወንድም አይወርስም።

ይህን ብቻ ያየ ሰው ሸሪዓ ሚስትን ጎዳ ይል ይሆናል። ነገሩ ግን እዚህ አያበቃም። በሸሪዓ የሚስት ንብረት የራሷ ነው፤ ባል በሚስቱ ገንዘብ ላይ መብት የለውም። ሴትየዋ ለቤቲቱ መግዣ ግማሹን ማዋጣታቸውን በማስረጃ ካስረዱ 24 እጁ ከውርሱ በፊት የሳቸው ሆኖ ይወጣል። ከቀረው 24 ደግሞ ስምንተኛውን፣ 3 እጅ ይወርሳሉ፤ ድምሩ 27 ነው። ልጆቹ 16፣ አጎታቸው 5 ያገኛሉ። ከዚህም ሌላ ያልተከፈለ መህር ካለ የሟች ዕዳ ነው። ዕዳና ኑዛዜ ደግሞ ከክፍፍል በፊት እንደሚቀድሙ በሱረቱ-ን-ኒሳእ የውርስ አንቀጾች የተደነገገ ስለሆነ ፉቀሃዎች አይለያዩበትም።

አንባቢ ልብ ይበል! ከ6 እስከ 27 ያለው ልዩነት የመጣው ማስረጃ ከመኖርና ካለመኖር ነው። ብዙ እህቶቻችን ወርቃቸውን ሸጠው፣ ዕቁባቸውን ጥለው ለቤት መግዣ ይሰጣሉ፤ ወረቀቱ ግን በባል ስም ብቻ ይጻፋል። ያን ቀን ምስክር አይጠራም። ባል ሲሞት ግን ምስክር ይፈለጋል።

ሁለት ሴቶች፣ ሁለት አገሮች

በ1996 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት አንድ ትልቅ ውሳኔ ሰጠ። በአዲስ አበባ በሸሪዓ ፍርድ ቤት የውርስ ክስ የቀረበባት አንዲት ሙስሊም ሴት ገና ከጅምሩ «በዚህ ፍርድ ቤት ለመዳኘት አልፈቀድሁም» ስትል ተቃወመች። ተቃውሞዋ ሳይቀበሉት ቀሩ። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ የሰበር ችሎትም አላዳናትም። በመጨረሻ የሕገ መንግሥት ትርጉም ጥያቄ አቀረበች። ምክር ቤቱም ያለ ፈቃዷ የተሰጡት ውሳኔዎች ከአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 ጋር ይቃረናሉ ብሎ ውድቅ አደረጋቸው።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ጉዳይ በሩቅ አገር፣ በግሪክ፣ ተነሥቶ ነበር። በምዕራብ ትሬስ የሚኖሩ ሙስሊሞች እ.ኤ.አ. ከ1923 የሎዛን ውል ጀምሮ የተለየ የሕግ ጥበቃ ነበራቸው። እዚያ የሚኖር አንድ ሙስሊም በአገሩ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ንብረቱን በሙሉ ለሚስቱ ተናዞ እ.ኤ.አ. በ2008 ሞተ። ሁለት እህቶቹ «የሙስሊም ውርስ በሸሪዓ ብቻ ነው የሚዳኘው» ሲሉ ተከራከሩ። የግሪክ ሰበር ፍርድ ቤትም ሐሳባቸውን ተቀበለ፤ ሚስቲቱም ከተናዘዘላት ሦስት አራተኛውን አጣች። ጉዳዩ ስትራስቡርግ ወዳለው የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ሄደ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2018 ታላቁ ችሎት ግሪክ አድልዎ ፈጽማለች ሲል ፈረደ። ከዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ደግሞ ግሪክ ራሷ ሕጓን ለውጣ የሸሪዓ ዳኝነትን በተከራካሪዎች ምርጫ እንዲሆን አድርጋለች።

ሁለቱ ፍርዶች በይዘት አንድ አይደሉም። የግሪኩ ሟች የተናዘዘው ለወራሽ ስለሆነ በሸሪዓ ያለ ሌሎቹ ወራሾች ፈቃድ አይጸናም ነበር። የሁለቱ ጉዳዮች መሠረት ግን አንድ ነው። መንግሥት ዜጋውን «ሙስሊም ስለሆንክ ሳትጠየቅ በዚህ ትዳኛለህ» ሊለው አይገባም የሚል ነው።

በአውሮፓ ለሚኖሩ ወገኖቻችንም አንድ ቃል እንጨምር። በአገራችን በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻ በሕግ የታወቀ ነው። በእንግሊዝ አገር ግን ሳሎን ውስጥ የታሰረ ኒካሕ በመንግሥት ዘንድ ካልተመዘገበ ሚስትነትን አያስገኝም። እ.ኤ.አ. በ2020 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ይህንኑ አጽንቷል። ስለዚህ ከዚያ ያለች እህት ኒካሕ ስታስር መዝገቡንም አብራ ትጠይቅ።

የሕፃናቱስ ፈቃድ?

እስካሁን ያየነው ስለ አዋቂዎች ነው። ሁለቱ ሴት ልጆችስ? አንዷ የሰባተኛ ክፍል ተማሪያችን ናት፤ ሌላዋ ገና ፊደል ትቆጥራለች። ስለ እነርሱ የሚፈቅደው ማነው? እናት ስትፈቅድ የራሷ ድርሻ ሊጨምር፣ የልጆቿ ሊቀንስ ወይም የተገላቢጦሽ ሊሆን ይችላል። ከላይ በሠራነው ሒሳብ የሁለቱ ልጆች ድርሻ በመጀመሪያው መንገድ 32፣ በሁለተኛው 24፣ በሦስተኛው 16 ነው።

ዓለም አቀፍ ሕግ በቀጥታ ወደ ቤታችን የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 9 ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። ኢትዮጵያ በሴቶች ላይ የሚደረገውን አድልዎ ለማስወገድ የተደረገውን ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1981፣ የሕፃናት መብቶች ስምምነትን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1991 ተቀብላለች። እንደ ግብፅ ያሉ አገሮች የመጀመሪያውን ሲቀበሉ ስለ ጋብቻ በሚናገረው አንቀጽ 16 ላይ ሸሪዓን ጠቅሰው ተዐቅቦ አድርገዋል። ኢትዮጵያ በዚህ አንቀጽ ላይ ተዐቅቦ አላደረገችም።

የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 ስለ አንድ ሕፃን አስተዳደግ ሲወስን የሕፃናት መብቶች ስምምነትን ጠቅሶ ከሁሉ በፊት የሚታየው የልጁ ጥቅም ነው ብሏል። አባትነት እንኳ ብቻውን ልጁን ለመውሰድ አልበቃም። የሰበር ችሎት የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ይገዛል። ስለዚህ የየቲሞች ውርስ በሚታይበት በማናቸውም ችሎት፣ በቃዲም ይሁን በመደበኛ ዳኛ ፊት፣ «ይህ ምርጫ ለልጆቹ ይበጃቸዋልን?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው ብለን እናምናለን። ይህ ለሙስሊም እንግዳ ነገር አይደለም። የየቲምን ገንዘብ መንካት ከከባባድ ወንጀሎች እንደሚቆጠር መድረሳ የዋለ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል።

ፈቃድ መጠየቅ ሸሪዓን ያሳንሳልን?

አንዳንድ ወንድሞቻችን «ሙስሊም ሆኖ በሸሪዓ መዳኘትን መምረጥ አለመምረጥ ምን ማለት ነው?» ይላሉ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ለአላህ ሕግ ማደር የሙእሚን ግዴታ መሆኑን እኛም አንክድም። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን እንለይ። አንዱ በባሪያውና በጌታው መካከል ያለው ተጠያቂነት ነው፤ ይህን ማንም ፍርድ ቤት አያነሣውም። ሌላው የመንግሥት ኃይል ነው፤ በፖሊስና በአፈጻጸም ችሎት የሚደገፍ ፍርድ ነው። ይህ ኃይል በሃይማኖት ስም ያለ ፈቃድ በአንዲት ባልቴት ላይ ሲውል እሷ የምታስታውሰው የቃዲውን ዕውቀት ሳይሆን ግዳጁን ነው።

ደግሞም እናስተውል። በ1966 ዓ.ም. ሚያዝያ 12 ቀን ሙስሊሙ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ለሰልፍ የወጣው በሃይማኖቱ ምክንያት ከሌላው ዜጋ እንዳያንስ ነበር። ሙስሊሟ ሴት «አልፈቀድሁም» ብላ ስትናገር ቃሏ ካልተሰማ ከሌላው ዜጋ ያነሰች እሷ ሆነች ማለት አይደለምን? ወዶ የመጣ ባለጉዳይ ፍርዱን ይቀበላል፤ ለይግባኝ አይሮጥም፤ ከዘመዱም አይቆራረጥም። ፈቃድ እንግዲህ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ክብር እንጂ ውርደቱ አይደለም።

ምን እናድርግ?

መጥሪያ ከደረሰን ቤት አንቀመጥ። ብንፈቅድም ባንፈቅድም በቀጠሮው ቀን ቀርበን እንናገር። መናገር ያለብንም በመጀመሪያው ቀን፣ ወደ ክርክሩ ሳንገባ ነው። ከመፍቀዳችን በፊት ሁለቱንም መንገዶች የሚያውቅ ሰው እንጠይቅ፤ ከዚያ በኋላ መመለሻ የለምና።

ኒካሕ ሲታሰር የመህሩ መጠን፣ የተከፈለውና የቀረው ተለይቶ ይጻፍ፤ ምስክሮች ይፈርሙ። ጋብቻው በወሳኝ ኩነት መዝገብ ይመዝገብ። ቤት ወይም መኪና ሲገዛ ማን ስንት እንዳዋጣ በአንዲት ወረቀት ይስፈር። ባልና ሚስት ተዋደው ሳሉ መጻፍ መጠራጠር አይደለም። በብድር ጊዜ እንኳ እንድንጽፍ የታዘዝን ሕዝብ ነን።

ወደ ሴትየዋ እንመለስ። አዋጁን ባነበብን ማታ ቤታቸው ሄደን «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፤ ተሳስተን ነው የመከርንዎ። ሄደው መቅረብ አለብዎ» አልናቸው። ሒሳቡንም በአንድ የደብተር ሉክ ላይ ሠርተን አሳየናቸው። ልጃቸው ከጎናቸው ተቀምጣ ቁጥሩን ጮክ ብላ አነበበችላቸው። ረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ እንዲህ አሉን።

«ኡስታዝ፣ እኔ የአላህን ሕግ አልፈራም። የፈራሁት ሳልጠየቅ እንዳይፈረድብኝ ነው።»

በቀጠሯቸው ቀን ቀርበው በሸሪዓ ለመዳኘት ፈቀዱ። ነገር ግን አስቀድሞ ያልተከፈላቸው መህር እንዲሰላ፣ ለቤቲቱ የሸጡት ወርቅ በምስክር እንዲጣራ፣ የልጆቻቸውም ጥቅም ለብቻው እንዲታይ ጠየቁ። ወርቁ ሲሸጥ አብራቸው የነበረች አንዲት ጎረቤት በሕይወት አለች። ክርክሩ ገና አላለቀም። ፍርዱ ምን እንደሚሆን የሚያውቀው አላህ ነው፤ ወደ ችሎቱ የገቡት ግን ምን እንደመረጡ ዐውቀው ነው።

ወላሁ አዕለም።